የቤት ቆሻሻ ስመዝን "ሌላ" ያልኩት ክምር ከሁሉም በለጠብኝ

ጀማሪ አጥኚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የመረጥኩት ርዕስ የቤት ቆሻሻ ነው። በታዳጊ አገር ከተማ ሰው ከቤቱ የሚያወጣው ቆሻሻ ምን ምን እንደያዘ፣ በቀን ስንት ኪሎ እንደሚሆን፣ ከዚያም ምን ቢደረግ እንደሚሻል ማወቅ እፈልጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ብዬ ቆሻሻ መድፊያው ቦታ ሄድኩ። ከመኪና የተራገፈውን ሸራ ላይ ዘርግተን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ስንለይ ዋልን። ምግብ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ብረት፣ ጠርሙስ፣ "ሌላ" ብለን ስድስት ቦታ ከፈልነው። መጨረሻ ላይ ስንመዝን ከሁሉም የከበደው "ሌላ" ያልነው ሆነ!

አማካሪዬ ውጤቱን አይቶ "ትልቁን ክምር ሳታውቂው ምን ልትመክሪ ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የቤቶቹን ብዛት በተመለከተም አንዱ 30 ይበቃል ይለኛል፣ ሌላው ከ300 በታች እንዳትሞክሪው ይላል። ሥራውን በእጃችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሚዛን ያዥ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመዘንሽው የቤት ቆሻሻ ነው ወይስ መድፊያ የደረሰ ቆሻሻ? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ቆሻሻ ከቤት ተነስቶ መድፊያ እስኪደርስ መንገድ ላይ ይለወጣል። ጠርሙሱንና ብረቱን ባለቤቷ ራሷ ለይታ ታስቀምጣለች፣ እየዞረ የሚገዛ ሰው መጥቶ ይወስደዋል። የምግብ ትራፊው ከብት ወይም ዶሮ ባለበት ቤት በር ሳይወጣ ያልቃል። ገንዳው ጋ ሲደርስ ደግሞ ለቃሚዎች ካርቶኑንና ጠንካራውን ፕላስቲክ ያወጡታል። ዝናብ ከጣለበት ክብደቱ ይጨምራል፣ ፀሐይ ከመታው ይቀንሳል። በዚያ ላይ መኪናው የመንገድ ጥራጊና የሱቅ ቆሻሻ ቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መድፊያው ላይ የለየሽው ክምር ስለ ቤተሰቡ የሚነግርሽ ትንሽ ነው። ስለ መድፊያው ግን በደንብ ይነግርሻል፣ ጥያቄሽ እሱ ከሆነ ልክ ቦታ ላይ ነሽ።

እኔ የምመክርሽ የቤት ደጃፍ ላይ መመዘን ነው።

አሁን ወደ "ሌላ" ልምጣ። ያ ክምር አብዛኛው አፈርና አመድ ነው ብዬ ብወራረድ አልፈራም። ግቢው ንጣፍ በሌለው ቤት በየቀኑ ሲጠረግ አፈሩ አብሮ ይገባል። በእንጨት ወይም በከሰል የሚያበስል ቤት አመድ ያወጣል። ከዚያ ደግሞ በእጅ ሊለቀም የማይችል ድቃቂ ነገር አለ። ይሄ ሁሉ ድንጋይ ያህል ይከብዳል፣ ግን አይነድም፣ አይበሰብስም፣ አይሸጥም። መጽሐፍ ላይ የምታገኚው የምድብ ዝርዝር አመድ የሌለበት አገር የተጻፈ ከሆነ ለአመድ ቦታ የለውም። በዚያ ዝርዝር ከሠራሽ ትልቁ ክምርሽ ስም አልባ ይሆናል።

ወንፊት ግዢ። ድቃቂውን ንፊና ለብቻው መዝኚው። ስሙንም "ሌላ" አትበዪው፣ "ድቃቂ፣ አፈርና አመድ" በዪው።

ቁጥር ወዳድ፦

የቤቶቹን ብዛት በተመለከተ 30 ያለሽም 300 ያለሽም ሳያሰላ ነው የተናገረው። ቁጥሩ የሚወሰነው ቤቶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩና ምን ያህል ስህተት እንደምትቀበዪ ነው።

ቀመሩ ቀላል ነው። የቤቶቹን ልዩነት፣ ማለት መደበኛ ልይይቱን ለአማካዩ አካፍለሽ፣ በ1.96 ታባዢዋለሽ (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰድ ቁጥር ነው)፣ በምትቀበዪው ስህተት ታካፍዪዋለሽ፣ ከዚያ በራሱ ታባዢዋለሽ። ልይይቱ የአማካዩ ግማሽ ከሆነና 10 በመቶ ስህተት ከተቀበልሽ 96 ቤት ይመጣል። ልይይቱ የአማካዩ 0.8 ከሆነ 246 ይሆናል። ያንኑ 0.8 ይዘሽ ስህተቱን ወደ 20 በመቶ ብታሰፊው 62 ይበቃሻል። ልይይቱን ከየት አመጣዋለሁ ካልሽ ከጥቂት ቤቶች ሙከራ ነው የምታገኚው። ለዚህ ነው ሙከራ ሳይሠሩ ቁጥር መወሰን ትርጉም የሌለው።

ማስላቱ ካስቸገረሽ ደግሞ የተዘጋጀ መንገድ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የከተሞችና የመኖሪያ ድርጅት፣ ዩኤን ሃቢታት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው "ዌስት ዋይዝ ሲቲስ" የሚባል መመሪያ ከሦስት የገቢ ደረጃ በድምሩ 90 ቤት ይወስዳል። ለ8 ቀን ይሰበሰባል፣ የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ የቀሩት 7 ቀናት ይመዘናሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የየቤቱን መቶኛ አስልተሽ አማካዩን አትውሰጂ። አንድ ቤት 10 ኪሎ አውጥቶ 2ቱ ፕላስቲክ ቢሆን 20 በመቶ ነው። ሌላው 1 ኪሎ አውጥቶ ግማሹ ፕላስቲክ ቢሆን 50 በመቶ ነው። የሁለቱ አማካይ 35 በመቶ ይልሻል። አንድ ላይ ስትደምሪያቸው ግን ከ11 ኪሎ ውስጥ ፕላስቲኩ 2.5 ኪሎ ነው፣ ወደ 23 በመቶ። መኪናው የሚጭነው 23ቱን ነው።

የሰፈር አስተባባሪ፦

እኔ ከተማሩት አይደለሁም። ግን ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሰበስቡ ሴቶችን ለዓመታት አስተባብሬያለሁ፣ ሁለት ጊዜም ከአጥኚዎች ጋር ሠርቻለሁ። ልጄ፣ ሚዛኑ አያስቸግርሽም። የሚያስቸግርሽ ሰው ነው።

የመጀመሪያ ቀን ፌስታል ስትሰጫቸው ለወራት ጓዳ ተከማችቶ የነበረውን አሮጌ ጫማና የተሰበረ ዕቃ ሁሉ ይጥሉልሻል፣ ለዚያ ነው የመጀመሪያው ቀን የማይቆጠረው። ሌሎች ደግሞ ያፍራሉ። የሚታይባቸው ስለሚመስላቸው የምግብ ትራፊውን ደብቀው ሌላ ቦታ ይጥሉና ለአንቺ ንጹሕ ወረቀትና ፌስታል ይሰጡሻል። አንዲት እናት የልጇን ዳይፐር ለይታ ጉድጓድ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ፣ "ሰው እጁን ያስገባበታል ብዬ ነው" አለችኝ። ደግነቷ ነው፣ ግን የአንቺን ቁጥር ያበላሸዋል።

ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ገብተሽ ቁጭ በይና አስረጂ። ስማቸው እንደማይጻፍ ንገሪያቸው። ቆሻሻ ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥ አለ፣ የሐኪም ወረቀት አለ፣ ደብዳቤ አለ። የሰው ገመና ነው። ከረጢቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ጻፊ። የቤተሰቡንም ቁጥር በየቀኑ ጠይቂ፣ እንግዳ ያደረበት ቀን አለ፣ ልጆች አያት ጋ የሄዱበት ቀን አለ። በሰው ስታካፍዪ ይሄ ይለያል።

ደግሞ በጠዋት ሂጂ። ከሰዓት ከሄድሽ አንድም አቃጥለውታል አንድም ጥለውታል።

ጀማሪ አጥኚ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማቃጠሉን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። እና ቤት ውስጥ የሚቃጠለውን እንዴት ነው የምመዝነው?

አንድ ሌላ ነገርም ልጠይቅ። እኔ የጥናቴ መጨረሻ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ያዋጣል ብዬ ልመክር ነበር ያሰብኩት። ቆሻሻውም ያልቃል፣ መብራትም ይገኛል። ለዚያ መቶኛው ብቻ አይበቃም?

ሚዛን ያዥ፦

አይበቃም። እርጥበቱን መለካት አለብሽ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

እስቲ አብረን እናስላ። 10 ኪሎ ቆሻሻ አለሽ እንበል፣ 7 ኪሎው ውሃ ነው። የምግብ ትራፊ ለበዛበት ቆሻሻ ይሄ የተጋነነ አይደለም። የቀረው 3 ኪሎ ደረቅ ነገር በኪሎ 17 ሜጋጁል (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ሙቀት ቢሰጥ 51 ሜጋጁል ነው። ግን መጀመሪያ ያን 7 ኪሎ ውሃ ማትነን አለብሽ። ለአንድ ኪሎ ወደ 2.4 ሜጋጁል ይፈጃል፣ በድምሩ 17 ገደማ። የሚተርፍሽ 34 ነው። ለ10 ኪሎ ስታካፍዪው በኪሎ 3.4 ሜጋጁል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የማቃጠያ መመሪያ የዓመቱ አማካይ ቢያንስ 7 እንዲሆን፣ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 እንዳይወርድ ይላል። በግማሹም አልደረስሽም! በዚያ ላይ አፈርና አመዱን ገና አልጨመርኩትም። ነዳጅ ካልጨመሩበት የማይነድ ቆሻሻ ነው።

ስለዚህ ከየምድቡ ትንሽ ትንሽ ናሙና ወስደሽ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቂው። ከዚያ እርጥብና ደረቅ ክብደቱን ሁለቱንም ጻፊ። የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበት መቶኛ ዋጋ የለውም።

ይዘቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለማቃጠል ብቻም አይደለም። መኪና ለመግዛትም ነው። ሀብታም አገር ውስጥ ቆሻሻው ካርቶንና ማሸጊያ ስለሚበዛው አንድ ሜትር ኩብ ከ100 እስከ 170 ኪሎ ቢመዝን ነው። በአየር የተሞላ ነው፣ የሚጨምቅ መኪና ያስፈልገዋል። ድሃ አገር ውስጥ ያው ሜትር ኩብ ከ250 እስከ 500 ኪሎ ይመዝናል። ራሱ የተጠቀጠቀ ነው። የሚጨምቀው መኪና ሲመጣ የሚጨምቀው ነገር አያገኝም። ውሃውን አስፋልት ላይ እየጨመቀ ይሄዳል፣ አፈሩ ደግሞ ሃይድሮሊኩን ይበላዋል። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ ተብሎ ይቆማል። ቆሞ የዛገ ስንት መኪና አይቻለሁ። አንድ ሰው በበርሜልና በሚዛን ቀድሞ ቢለካ ኖሮ አይገዛም ነበር። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ይቅርታ።

ስለሚቃጠለው የጠየቅሽው ደግሞ በጥናቱ ሳምንት ሁሉንም ለአንቺ እንዲያስቀምጡልሽ ከተስማማሽ ትመዝኚዋለሽ። በተለምዶ ምን ያህሉን እንደሚያቃጥሉ ግን በቃለ መጠይቅ ለብቻው ጠይቂ።

አጭር መንገድ፦

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ቁጥሩ ተቀምጧል። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 56 በመቶው የምግብና የአትክልት ቆሻሻ ነው፣ ሀብታሞቹ ጋ 32 በመቶ። ከሰሃራ በታች ያለ ሰው በቀን 0.46 ኪሎ ያወጣል፣ የዓለም አማካይ 0.74 ነው። እሱን ወስዶ በሕዝቡ ቁጥር ማባዛት ነው። ከተማ ቆሻሻ ውስጥ ተቀብሮ እያለ እኛ ወንፊት እንግዛ ነው የምንለው?

ሚዛን ያዥ፦

ወንድሜ፣ ጥድፊያህ ይገባኛል። ግን 0.46 የብዙ አገር አማካይ ነው። በዚያው ሪፖርት ላይ የአገሮቹ አማካይ ከ0.11 እስከ 4.54 ይደርሳል። አንድ ሚሊዮን ሰው ያለበት ከተማ በቀን ለአንድ ሰው 0.3 ቢሆን 300 ቶን ነው፣ 0.6 ቢሆን 600 ቶን። የመኪናው ብዛት በእጥፍ ይለያያል። አማካዩን ለመግቢያ ምዕራፍ ተጠቀምበት፣ ጨረታ ግን አታውጣበት።

ቁጥር ወዳድ፦

በዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ቆሻሻ ብቻውን ከከተማ አስተዳደር በጀት በአማካይ 20 በመቶ ያህል ይወስዳል። እንደዚያም ሆኖ ከሚወጣው ቆሻሻ የሚሰበሰበው 39 በመቶ ገደማ ነው፣ ሪፖርቱ ራሱ ነው የሚለው። ገንዘቡ በዚህ መጠን እየወጣ ለአንድ ሳምንት መመዘን ብዙ ድካም ነው አልልም።

ለቃሚ የነበርኩ፦

ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ እናንተ የምትመዝኑት ክምር ላይ ስለቅም ነው ያደግኩት። አጥኚዎች ይመጡ ነበር። ማስክ አድርገው ይለያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። እኛን ግን ማንም አልጠየቀንም። ከመምጣታቸው በፊት ስንት ኪሎ እንዳወጣን ብቻ ቢጠይቁን እንኳ ቁጥራቸው ይስተካከል ነበር።

"ፕላስቲክ" ብለሽ አንድ ላይ አትመዝኚ። ለእኛ ፕላስቲክ አንድ ነገር አይደለም። የውሃ ጠርሙስ ይሸጣል። ጄሪካንና ባልዲ ይሸጣል፣ እንዲያውም የተሻለ ያወጣል። ስስ ፌስታል፣ በተለይ የቆሸሸ፣ ማንም አይገዛውም። መድፊያው ላይ የምታዪው ፕላስቲክ አብዛኛው እሱ ነው፣ የሚሸጠውን እኛ ስላነሳነው። ደግሞ ስስ ፌስታል እርጥብ ምግብና ጭቃ ተሸክሞ ነው የሚመዘነው። አራግፈሽ፣ አጥበሽ፣ አድርቀሽ መልሰሽ መዝኚው፣ ስንቱ ፕላስቲክ ስንቱ ጭቃ እንደሆነ ታያለሽ።

"የተሻለ አያያዝ" ተብሎ ሲወራ ደግሞ መጀመሪያ የሚባረረው ለቃሚው ነው። አጥር ይታጠራል፣ ዘበኛ ይቆማል። ሌላ መንገድ እንዳለ ግን ሕንድ አገር ፑኔ ላይ ታይቷል። ስዋች የሚባለው የለቃሚዎች ኅብረት ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከከተማው ጋር ተዋውሎ ከ3,000 በላይ ሰው በየቤቱ ደጃፍ ይሰበስባል፣ የአገልግሎት ክፍያውም ይከፈለዋል። ኮሎምቢያ ቦጎታ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለቃሚዎች ላነሱት ክብደት ክፍያ ማግኘት ጀምረዋል። ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ታግለው ነው ያገኙት። በሚዛን የተመዘነ ሥራ ስለሆነ ነው መክፈል የተቻለው። ስለዚህ እባክሽ ጥናትሽ ውስጥ እኛንም መዝኚን።

የሰፈር አስተባባሪ፦

ወንድሜ፣ ልቤን ነካኸው። እኛም ጋ መጀመሪያ ጠዋት ከሚመጡት ልጆች ጋር ተጣልተን ነበር። በኋላ ቁጭ ብለን ስንነጋገር ማን የቱን እንደሚያነሳ ተስማማን። ከሁሉ የተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የብስባሽ ሰው፦

የምግብ ትራፊው ግማሹን የሚይዝ ከሆነ መልሱ ኮምፖስት ነው፣ ግን ከቤት ሳይቀላቀል ከተለየ ብቻ። ተቀላቅሎ ከመጣ በኋላ የሚለይ ፋብሪካ ተተክሎ ውስጡ ጠርሙስ ስባሪና ፌስታል ያለበት ኮምፖስት ሲያመርት አይቻለሁ። ገበሬ አንዴ እጁን ከቆረጠው ሁለተኛ አይወስድም።

የሠራበት ቦታ አለ። ባንግላዴሽ ዳካ ላይ ዌስት ኮንሰርን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየሰፈሩ ትናንሽ የኮምፖስት ቦታዎች አቋቁሟል። የኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ ደግሞ ከጃፓኗ ኪታክዩሹ ጋር ተባብራ ታካኩራ የሚባለውን የኮምፖስት ቅርጫት በየቤቱ አዳርሳለች። ሁለቱም ጋ ቆሻሻው ሩቅ አይሄድም፣ እዚያው ይበሰብሳል።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ቁጥር የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ ነው፣ ከ25 እስከ 30 ለ1። የምግብ ትራፊ ብቻውን ናይትሮጅን ይበዛበታል፣ እርጥብ ነው፣ ይሸታል። ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የምግቡንና የግቢውን ቅጠል አንድ ላይ "የሚበሰብስ" ብለሽ አትመዝኚ። ለያይተሽ ከመዘንሽ ድብልቁን ማስላት ይቻላል። ሙቀቱ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ ቢያንስ ለተከታታይ 3 ቀን ከቆየ ደግሞ አብዛኛው በሽታ አምጪ ይሞታል።

ሳይለይ መድፊያ የሚከመረው የምግብ ትራፊ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። እሳት ያስነሳል፣ በዝናብ ሲረጥብ ደግሞ ክምሩ ይንሸራተታል። ኢንዶኔዥያ ሌዊጋጃ ላይ እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 2005 ክምሩ ተንዶ ከ140 በላይ ሰው ቀበረ። አገሪቱ ያን ቀን እስከ ዛሬ የቆሻሻ ጉዳይ ብሔራዊ ቀን አድርጋ ታስበዋለች። ፊሊፒንስ ፓያታስ ላይም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2000 ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የሞቱት ብዙዎቹ ለቃሚዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

ሚዛን ያዥ፦

አንድ የረሳነው ነገር። የሚለዩት ልጆች ወፍራም ጓንት ያድርጉ፣ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይውሰዱ። መርፌ አይቀርም። ከረጢቱ ውስጥ እጅ አይገባም፣ ሸራ ላይ ይገለበጣል፣ መጀመሪያ በመቆንጠጫ ይበተናል። ይሄ ሳይሟላ ባይጀመር ይሻላል።

ጀማሪ አጥኚ፦

ከአንድ ወር በኋላ ተመለስኩ። 12 ቤት ለ8 ቀን ሞከርኩ። ቁጥሩን አሁን አልጽፍም፣ 12 ቤት ስለ ከተማ አይናገርም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

"ሌላ" የሚባለው ክምር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በ10 ሚሊ ሜትር ወንፊት ስነፋው ከሥር የወረደው አመድና አፈር ነበር፣ ልክ እንደተባለው። የሚገርመው ከቤት ቤት ያለው ልዩነት ነው። በኤሌክትሪክ የሚያበስሉና ግቢያቸው የተነጠፈ ቤቶች ድቃቂ የላቸውም ማለት ይቻላል። በከሰል የሚያበስሉት ጋ ከረጢቱ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። እነዚያን ቤቶች አመዱን ለብቻው በቆርቆሮ እንዲያስቀምጡ ስጠይቃቸው አራቱ ወዲያው ጀመሩ። ያለ አመድ ከረጢቱ ቀለለ፣ የምትሰበስበው ልጅም አመሰገነችኝ። ትኩስ አመድ ከረጢቷን ያቃጥልባት እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዳይፐር ነው። ሕፃን ባለባቸው ሦስት ቤቶች ከምግብ ትራፊ ቀጥሎ የከበደው እሱ ነበር። ለእሱም የራሱ ምድብ ሰጥቼዋለሁ።

ስስ ፌስታሉን አጥቤ አደረቅኩት፣ ክብደቱ በጣም ወረደ። ለቃሚ የነበርከው ወንድሜ፣ አሁን ገንዳው ጋ የሚለቅሙ ልጆችን በየማታው ያነሱትን እንዲያስመዝኑኝ ተስማምተናል፣ ለሰዓታቸው እከፍላቸዋለሁ። የማቃጠሉን ምዕራፍ አውጥቼዋለሁ። አማካሪዬም ተስማምቷል።

ዋናው ጥናት የሚጀምረው በበጋ ነው። በክረምት ደግሞ ያንኑ ቤቶች እደግማለሁ።

የሰፈር አስተባባሪ፦

ጎበዝ ልጄ። ክረምት ስትሄጂ ክዳን ያለው ባልዲ ስጫቸው፣ ከረጢት ደጅ ካደረ ዝናቡን ነው የምትመዝኚው።